ሳይንስ ለማን? የዶክተር አክሊሉ ለማ ሕይወትና የእንዶድ ትግል

ሳይንስ ከኅብረተሰብ ኑሮ ውጭ ራሱን ችሎ የሚንሳፈፍ ነገር አይደለም። የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር በሚያደርገው የዕለት ከዕለት ትግል ውስጥ ይፀነሳል፤ በሥራ ይፈተናል፤ በመጨረሻም ተመልሶ የሠራተኛውን ሸክም ማቅለል ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ይህ ዑደት በብዙ አገር መሐል ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ምሁሩ ከሕዝቡ ይማርና ለምሁራን ብቻ ይናገራል። ጉባኤ ይጠራል፣ ጽሑፍ ይነበባል፣ መጽሔት ይታተማል፤ ጥናቱ የተካሄደባት መንደር ግን ውጤቱን ሳትሰማ ትቀራለች። ስለዚህ ምርምርና ጉባኤ፣ ሥልጠናና ማዕረግ ለማን ነው የሚለው ጥያቄ የምሁራን የእርስ በርስ ክርክር ብቻ ሳይሆን የሠፈር ነዋሪውና የሠራተኛው ጥያቄ ጭምር ነው።

እኛም ጥያቄውን በባዶ ንድፈ ሐሳብ ከማንገላታት ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ አኑረን ልንመረምረው መርጠናል። ሰውዬው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በቀድሞው የሐረር ጠቅላይ ግዛት፣ በጅጅጋ ተወልደው፣ በውጭ አገር ከከፍተኛ የትምህርት ደረጃ ከደረሱ በኋላ ልብስ ከሚያጥቡ የዓድዋ ሴቶች የተማሩ፣ የተማሩትንም ለአፍሪካ ጭቁን ገበሬ መልሰው ለማድረስ 30 ዓመት ገደማ የታገሉ ሰው ነበሩ። ስማቸው በምሁራን ዘንድ በሚገባ የታወቀ ነው፤ በሠፈርና በሥራ ቦታ ግን የሚገባውን ያህል ሲነሣ አንሰማም። የጥናቶቹና የጉባኤዎቹ መዝገብ በአውሮፓ አቆጣጠር የተያዘ በመሆኑ ዓመታቱን በዚያው እናስቀምጣለን።

የሐረር አንባቢዎቻችን፣ በተለይም የሸዋ በር አካባቢ የአፎቻ፣ የዕድርና የሠራተኛ ማኅበራት አባላት፣ ነገሩን ከደጃፋቸው ቢጀምሩት ይቀላቸዋል። ሐረሪዎች አስማዲን በሪ የሚሉት ሸዋ በር በ16ኛው ምዕት ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው የጀጎል ግንብ ካሉት አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ሲሆን ወደ ምዕራብ ይመለከታል። ከበሩ ውጭ ያለው ገበያ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌውና አርጎባው የሚገናኙበት ስፍራ ነው። ገበያ ደግሞ ሸቀጥ ብቻ የሚለዋወጥበት አይደለም። ከገጠር ወተትና ማገዶ ይዛ የምትመጣው ሴት የትኛው ቅጠል ለየትኛው ሕመም፣ የትኛው ሥር ለየትኛው ከብት እንደሚበጅ የሚያውቅ አእምሮም ይዛ ትመጣለች። ይህ ዕውቀት ዲፕሎማ የለውም፤ ቢሆንም ከብዙ ትውልድ ሥራና ፈተና የተገኘ በመሆኑ ዕውቀት አይደለም ሊባል አይችልም።

ኦሮሞው ሐንዶዴ፣ አማራው እንዶድ የሚለው ተክል የዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ሀብት ነው። በደጋና በወይና ደጋ አገር በየአጥሩና በየጥሻው የሚበቅል ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። የፋብሪካ ሳሙና በአገሩ ከመዳረሱ በፊት የእናቶቻችንን ሸማና ነጠላ ያነጣው እንዶድ ነበር። ዛሬም ቢሆን ነጭ ልብስ በእንዶድ ካልታጠበ አይነጣም ብለው የሚከራከሩ ባልቴቶች አይጠፉም። ክርክራቸው ያለ ምክንያት እንዳይደለ ወደ ኋላ እናየዋለን።

አክሊሉ ለማ የተወለዱት በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዋዜማ ነው። የልጅነታቸው ምድር ከወረራው ዋና ዋና የጦር ሜዳዎች አንዱ ሆነ። የግራዚያኒ ጦር ከኦጋዴን ወደ ሰሜን እየገፋ ሲመጣ ሐረር በመጋቢት 1936 በአውሮፕላን ቦምብ ተደበደበች፤ በግንቦት ወር ጅጅጋም ሐረርም በጠላት እጅ ወደቁ። ከነጻነት በኋላ ያደገው ያ ትውልድ ዘመናዊ ትምህርትን እንደ ብርቅ ነገር ያየ ትውልድ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1950 ነው። ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅና የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የዚያው ዐሥርት ዓመት ውጤቶች ናቸው። በጠቅላላው አገር ለከፍተኛ ትምህርት የሚበቃው ወጣት በጣት የሚቆጠር ነበር። የፊውዳሉ ሥርዓትም የተማረውን ሰው የሚፈልገው በአብዛኛው ለቢሮ ወንበር እንጂ ለገበሬው ጎጆ አልነበረም። ወጣቱ አክሊሉ የሕይወት ሳይንስን መረጡ፤ በአሜሪካም በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1964 የሳይንስ ዶክተርነትን ማዕረግ ተቀበሉ። ሙያቸው በሰው አካል ውስጥ በሚኖሩ ጥገኛ ተውሳኮች የሚመጡ በሽታዎችን ማጥናት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ በሽታው በቂ መግለጫ ካልሰጠን የቀረው ታሪክ ትርጉም አይኖረውም። ቢልሃርዝያ ስሙን ያገኘው ተውሳኩን በ1851 በካይሮ ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው፤ በሽታው ራሱ ግን ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሲሆን ዕንቁላሉ በግብፃውያን ሬሳ ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። በአገራችን በሰፊው የሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዝያ ነው። የታመመ ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የተውሳኩ ዕንቁላል በጎርፍ ታጥቦ ወንዝ ይገባል። ዕንቁላሉ በውሃ ውስጥ ሲፈለፈል የሚወጣው እጭ በወንዝ ዳር የምትኖር አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ሥጋ ውስጥ ይገባና ይራባል። ከቀንድ አውጣዋ በብዛት እየወጣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ሌላው እጭ ደግሞ ውሃ የነካውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ከዚያ በደም ሥር ውስጥ አድጎ ለዓመታት ዕንቁላል ይጥላል፤ ሆድ ይነፋል፣ ጉበት ይጠነክራል፣ ጉልበት ይከዳል። ልጅ ከትምህርቱ፣ ገበሬም ከእርሻው ይቀራል።

በዓለም ላይ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነካ በሽታ ነው። የሚነካውም ማንን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የቧንቧ ውሃ በቤቱ ያለው፣ በጫማ የሚሄድ፣ ልብሱን ሌላ ሰው የሚያጥብለት በቢልሃርዝያ አይያዝም። ውሃ ሳይነካ መስኖ ሊያጠጣ የማይችለው ገበሬ፣ ወንዝ ሳትወርድ ልብስ ልታጥብ የማትችለው ሴት፣ ከወንዝ ሌላ መዋኛ የሌለው ልጅ ይያዛል። ልማት በሚባለው ነገር እንኳ ይስፋፋል፤ አዲስ ግድብና የመስኖ ቦይ በተሠራ ቁጥር ለቀንድ አውጣዋ አዲስ መኖሪያ ይዘጋጅላታል። በሽታው የኑሮ ሁኔታ ውጤት ነው ስንል ይህንን ማለታችን ነው።

ሰንሰለቱ የሚበጠስባቸው ቦታዎች ታውቀዋል። መጸዳጃ ቤት መሥራት፣ ንጹሕ ውሃ ማዳረስ፣ ሕሙማንን ማከም፣ ወይም መሐከለኛዋን ቀንድ አውጣ ማጥፋት ነው። በ1960ዎቹ የነበሩት መድኃኒቶች በሰውነት ላይ ብዙ ጉዳት ያደርሱ ስለነበር ቀንድ አውጣዋን ማጥፋት እንደ ዋና ዘዴ ይታይ ነበር። ለዚህ የሚያገለግለው ኬሚካል ግን በአውሮፓ ባለሞኖፖል ኩባንያ የሚመረት፣ አንዱ ቶን በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥ ነበር። በበሽታው የሚሠቃየው አገር ለመድኃኒቱ የሚከፍለው የውጭ ምንዛሪ የለውም፤ መድኃኒቱን የሚሠራው አገር ደግሞ በሽታው የለበትም። የኢምፔሪያሊዝም የንግድ ግንኙነት በአንድ ምሳሌ ይገለጥ ከተባለ ከዚህ የተሻለ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ የቢልሃርዝያን ሥርጭት ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። የሥራቸው ዓላማ ወንዞቹን ተከትሎ ቀንድ አውጣዎቹ የት የት እንደሚገኙ መመዝገብ ነበር። ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ፤ ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ያስተዋሉት ነገር በራሱ ቀላል ነው። በዚያ ወንዝ ዳር ያለፈ ሰው ሁሉ ሊያየው ይችል ነበር፤ ምናልባትም ብዙ ሰው አይቶታል። ዶክተሩ ግን አይተው አላለፉም። ከአጣቢዎቹ አንዷን ለምነው የእንዶዱን አረፋ ሕይወት ያላቸው ቀንድ አውጣዎች ላይ እንድታፈስ አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹ ጥቂት ቆይተው ሞቱ።

ይህ ቅጽበት በሳይንስ ታሪክ ውስጥ እንደ ዕድል ተደርጎ ሲነገር እንሰማለን። አባባሉን አንቀበለውም። የንድፈ ሐሳብና የተግባር አንድነት የሚባለው እንዲህ ባለ ስፍራ ነው የሚታየው። ሴቶቹ እንዶድን ያውቁታል፤ የቀንድ አውጣዋን ሚና ግን የሚያስረዳቸው አልነበረም። ዶክተሩ የቀንድ አውጣዋን ሚና ያውቃሉ፤ እንዶድ ግን በተማሩባቸው መጻሕፍት ውስጥ የቢልሃርዝያ መከላከያ ተብሎ አልተጻፈም። ሁለቱ ዕውቀቶች እስኪገናኙ ድረስ እያንዳንዳቸው ጎደሎ ነበሩ። ያገናኛቸውም ምሁሩ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወንዝ መውረዱ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ረጅምና አድካሚ ሥራ ነበር። ፍሬው በላቦራቶሪ ሲመረመር እጅግ በቀጠነ መጠን እንኳ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ተረጋገጠ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ከሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ጋር በተደረገ ትብብር ገዳዩ ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣ፤ በእሳቸውም ስም ለማቶክሲን ተባለ። ነገሩ ሳፖኒን ከሚባሉት አረፋ አውጪ ንጥረ ነገሮች ወገን ነው። እንግዲህ ባልቴቶቹ ሸማ ያነጣል ሲሉ የሚያመሰግኑት ባሕርይና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ባሕርይ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ እስከ 1976 ድረስም መሩት። የኢንስቲትዩቱ መቋቋም ከግኝቱ ያልተናነሰ ዋጋ አለው ብለን እናምናለን። እስከዚያ ድረስ በአገራችን ላይ የሚደረጉት የሕክምና ጥናቶች አብዛኞቹ ከውጭ መጥተው ናሙና ይዘው በሚመለሱ ሰዎች የተካሄዱ ነበሩ። ኢንስቲትዩቱ ሲቋቋም ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በአገራቸው በሽታ ላይ፣ በአገራቸው ላቦራቶሪ መሠልጠን ጀመሩ። ከቢልሃርዝያ ሌላ ቁንጭር የመሳሰሉት በሽታዎችም በደጋው አገር ሳይቀር ተጠኑ። ከጓዶቻቸው መካከል ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በተለይ ሊነሡ ይገባል። እኚህ የዕፀዋት ሊቅ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች 65 የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ አብቅለውና አወዳድረው በፍሬ ብዛትም በገዳይነትም የተሻለውን 44 ቁጥር የተባለውን ዓይነት ለይተው አወጡ። ገበሬ ለዘሩ የሚያደርገውን ምርጫ በሳይንስ ዘዴ አካሄዱት ማለት ነው። ታሪኩ ሲነገር ግኝቱ የአንድ ሰው ብቻ እየተደረገ የእኚህ ሰው ድርሻ መዘለሉ ተገቢ አይመስለንም።

ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ለ5 ዓመት የተካሄደው ሙከራ የሥራው ሁሉ መፈተኛ ነበር። በአካባቢው የተሰበሰበ የእንዶድ ፍሬ ተፈጭቶ በወንዞቹ ውስጥ በየጊዜው ይጨመር ነበር። ከውጭ የመጣ ውድ መሣሪያም ሆነ ውድ ኬሚካል አላስፈለገም። ሙከራው ሲጀመር ከነዋሪው 63 በመቶ የሚሆነው በሽታው ነበረበት፤ ሲያበቃ ቁጥሩ ወደ 34 በመቶ ወርዶ ነበር። ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ላይ የታየው ውጤት ደግሞ የበለጠ የሚያስደንቅ ነው፤ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በትልልቆቹ ሰዎች አካል ውስጥ ያለው ተውሳክ ቀንድ አውጣ ስለሞተ ብቻ አይጠፋም፤ ሕክምና ይፈልጋል። የሕፃናቱ ቁጥር መውረድ ግን አዲስ በሽታ መተላለፉ በእጅጉ መቀነሱን የሚያሳይ ማስረጃ ነበር።

እንዲህ ያለ ውጤት የተገኘለት ነገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአፍሪካ ወንዞች ሁሉ ይዳረሳል ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። በአፍሪካ ላቦራቶሪዎች የተገኘው የደኅንነት ማስረጃ በዓለም የጤና ድርጅትና በሌሎች ረጂዎች ዘንድ እንደ በቂ ሳይቆጠር ቀረ። ምርመራው በበለጸጉት አገሮች ሥርዓት መሠረት፣ በእነሱው ላቦራቶሪ እንደገና መደረግ አለበት ተባለ። ይህን የመሰለው ምርመራ እጅግ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘቡ ያላቸው ኩባንያዎች ደግሞ በየአጥሩ በነጻ የሚበቅል ፍሬ ትርፍ ስለማያስገኝላቸው ወጪውን የሚችሉበት ምክንያት አልነበራቸውም። በውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር በጥንቃቄ መመርመር እንደሚገባው እኛም እናምናለን፤ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ መሞከሪያ አይደለምና። ነገር ግን ጥንቃቄው የሚጠየቀው ከድሃው ግኝት ብቻ ሲሆን፣ የሚመረምረውም ትርፍ ካልታየው በስተቀር ዓመታት ሲቆጠሩ ዝም ሲል፣ ጥንቃቄ መባሉ ቀርቶ መሰናክል ይሆናል።

በ1976 ዶክተር አክሊሉ የኢንስቲትዩቱን ሥራ ትተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ማገልገል ጀመሩ። አገሪቱ በአብዮቱ ማዕበል ውስጥ የነበረችበት ወቅት ነው። የምርምር ሰው ከላቦራቶሪው ሲርቅ ብዙውን ጊዜ ሥራውም ይቀራል፤ የእሳቸው ግን አልቀረም። በድርጅቱ ውስጥ የተመደቡት ሳይንስና ቴክኖሎጂን ለልማት በማዋል ጉዳይ ላይ ነበር። በ1979 በቪየና በዚሁ ጉዳይ ላይ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ታዳጊ አገሮች የራሳቸው የምርምር አቅም እንዲኖራቸው ተወሰነ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብቻ 250 ሚሊዮን ዶላር እንዲዋጣ ታቀደ። የተዋጣው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። ጉባኤ ብቻውን ወንዝ እንደማያጠራ ይህ ይመሰክራል።

ሌላ ዓይነት ጉባኤም እንደሚቻል ዶክተር አክሊሉ በተግባር አሳዩ። በመጋቢት 1983 በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ስለ እንዶድ ብቻ የሚነጋገር ዓለም አቀፍ የሳይንስ ዐውደ ጥናት ተካሄደ። የመወያያው ርእስ የቢልሃርዝያን መተላለፍ ሕዝቡ ራሱ በአፍሪካ ውስጥ ስለሚቆጣጠርበት መንገድ የሚመለከት ነበር። ሕዝቡ ራሱ የሚለውን አንባቢ ልብ ይበልልን። በሚያዝያ 1986 ደግሞ ሁለተኛው ዐውደ ጥናት በስዋዚላንድ፣ በምባባኔ ከተማ ተደረገ። የዚያ ጉባኤ ዋና ሞተር የነበሩት ስዋዚላንዳዊቷ የኬሚስትሪ ሊቅ ሊዲያ ማኩቡ ሲሆኑ፣ እኚህ ሴት በኋላ የአገራቸውን ዩኒቨርሲቲ የመሩ፣ የሦስተኛው ዓለም የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅትም የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት የሆኑ ናቸው። ከአሜሪካ ወገንም የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው የጥገኛ ተውሳክ ሊቅ ዶናልድ ሄይነማን በሁለቱም ጉባኤዎች ዘገባ ዝግጅት ከአፍሪካውያኑ ጎን ቆሙ። እንዶድ በዚህ አኳኋን ከኢትዮጵያ ድንበር ወጥቶ የአፍሪካ ሳይንቲስቶች የጋራ ጉዳይ ሆነ።

የእነዚህ ጉባኤዎች ፋይዳ ከወረቀቱ ብዛት የሚለካ አይደለም። አንድ ተክል የት እንደሚበቅል፣ ገበሬ እንዴት እንደሚያለማው፣ ማን እንደሚፈጨው፣ በምን መጠን ወደ ወንዝ እንደሚጨመር፣ ማን እንደሚቆጣጠር የሚመክር ጉባኤ ከሕዝቡ ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። የእርሻ ባለሙያው፣ ኬሚስቱ፣ የጤና ሠራተኛውና የኅብረተሰብ ሳይንስ አጥኚው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ችግሩ ራሱ ስላስገደዳቸው ነው። ብዙ ጉባኤዎች የየሙያውን ሰው ለየብቻ ሰብስበው የሚያሰናብቱት የሚያገናኛቸው ችግር ስለሌላቸው ይመስለናል።

በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በስቶክሆልም ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በዚያ አደባባይ ያነሡት ነጥብ ከምስጋና ይልቅ ክስ ነበር ለማለት ይቻላል። ዋናው ችግር በአፍሪካ የሚሠራው ምርምር ጥራት ማነስ ሳይሆን በበለጸጉት አገሮች ያሉ አንዳንድ ግለሰቦችና ድርጅቶች ለአፍሪካ ሳይንስ ያላቸው ሥር የሰደደ አመለካከት መሆኑን አስረዱ። በዚያው ዓመት ከፊንላንዳዊው ከፔንቲ ማላስካ ጋር ያዘጋጁት፣ ከረሃብ ባሻገር ያለችውን አፍሪካ የሚመለከተው ለሮም ክለብ የቀረበ ዘገባም ወጣ። የአገራችን ስም በዓለም ዜና ከረሃብ በቀር በሌላ በማይነሣበት ዘመን እንዲህ ያለ ዘገባ በኢትዮጵያዊ እጅ መዘጋጀቱ ትርጉሙ ቀላል አልነበረም። ከዚያም በኢጣልያ፣ በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የሕፃናት ልማት ማዕከል ምክትል ዲሬክተር ሆነው ሠርተዋል።

ሲጠበቅ የቆየው የደኅንነት ምርመራ በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ በ1990 ገደማ ተደረገ፤ እንዶድ በአግባቡ ከተያዘ ለሰውና ለከብት የሚያሰጋ እንዳልሆነ፣ ዱቄቱ ግን ዓይንን ክፉኛ እንደሚያቃጥል ታወቀ። ይህን ዓይን ማቃጠሉን ለማወቅ ካናዳ መሄድ ባላስፈለገም ነበር፤ እንዶድ የወቀጠች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ግኝቱ ከተገኘ 26 ዓመት አልፎ ነበር።

በዚያው ሰሞን በአሜሪካ ሌላ ነገር ተፈጠረ። ከአውሮፓ በመርከብ የገባ የዜብራ ቀለም ያለው ዛጎል ለበስ እንስሳ ታላላቆቹን ሐይቆች ወርሮ የውሃ መሳቢያ ቱቦዎችን ይደፍን ነበር። ዶክተር አክሊሉ በ1990 የክብር ዲግሪ ለመቀበል ወደ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱ ጊዜ እንዶድ በዚህ እንስሳ ላይ ተሞከረ፤ ገደለውም። ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ፤ ዶክተሩም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዘገቡ። የእንዶድን ባሕርይ ለብዙ ትውልድ ጠብቀው ያቆዩት የኢትዮጵያ ገበሬዎችና እናቶች ግን በመብቱ ላይ አልተጻፉም። ጉዳዩ በዓለም ዙሪያ ክርክር አስነሥቷል። ሁለቱን ነገሮች አንባቢ ጎን ለጎን ያኑራቸው፤ የአፍሪካን ሕፃናት ለመከላከል ሲቀርብ ለሩብ ምዕት ዓመት ማስረጃው አልበቃም የተባለው ፍሬ የበለጸገውን አገር ቱቦ ሲከፍት በጥቂት ዓመታት መብት ወጣበት። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. በአገር አቆጣጠር ያወጣችው አዋጅ ቁጥር 482 የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን አርካቦት የሚመለከት ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ነገር ያለ ሕዝቡ ፈቃድና ድርሻ እንዳይደገም ለመከላከል የታሰበ ሕግ ነው።

የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ የሚጽፍለትን ሰው ድል ብቻ መንገር የለበትም። እንዶድ ዶክተር አክሊሉ ባሰቡት ስፋት በአፍሪካ ወንዞች አልተዳረሰም። ከመሰናክሉ በተጨማሪ የተክሉም የራሱ ጠባይ አለ። ዓሣን ይገድላል፤ ስለዚህ ዓሣ በሚጠመድበት ውሃ ሊጨመር አይገባም። በየጊዜው ካልተደገመም ቀንድ አውጣዋ ተመልሳ ትራባለች፤ መድገም ደግሞ የተደራጀ ሕዝብ ይፈልጋል። ከ1980ዎቹ ወዲህ ፕራዚኳንቴል የተባለው በአንድ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ዋጋው እየረከሰ በመምጣቱ የዓለም ፊት ወደ ክኒን ዞረ። በትምህርት ቤቶች በጅምላ የሚሰጠው ይኸው መድኃኒት ብዙ ሕፃናትን ረድቷል። ሆኖም ክኒኑን ውጦ ወደዚያው ወንዝ የሚወርድ ልጅ እንደገና ይያዛል፤ ወንዙ አልታከመምና። ዓድዋ ላይ የተሞከረው ወንዙን የማከም ሐሳብ በዚህ ምክንያት ጊዜው አላለፈበትም ብለን እንከራከራለን።

ጉዳዩ ከሐረር የራቀም አይደለም። የአንጀት ቢልሃርዝያ በሐረርና በሐረማያ ዙሪያ ባሉ ውሃዎች አካባቢ እንደሚገኝ በጥናት ተመዝግቧል። የሐረማያ ሐይቅ ለብዙ ዓመት ሐረርን ያጠጣ ነበር፤ ለመስኖና ለከተማ ሲሳብ፣ በደለልም ሲሞላ ቆይቶ ባለፈው ምዕት ዓመት ማብቂያና በአዲሱ መባቻ ደረቀ፤ ከዓመታት በኋላ ውሃ መልሶ ቢይዝም የድርቀቱ ትምህርት የሚረሳ አይደለም። በሐይቁ ስም የሚጠራው ዩኒቨርሲቲ የጤናና የሕክምና ኮሌጁ በሐረር ከተማ የሚገኝ ሲሆን፣ የሕይወት ፋና ሆስፒታልም የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ነው። እንግዲህ የሸዋ በር ነዋሪ ከምሁራን የሚለየው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ብቻ ነው። በዚያ የሚሠለጥነው ሐኪምና በሐረማያ የሚሠለጥነው የእርሻ ባለሙያ ስለ አንድ ወንዝ አብረው የሚመክሩበት፣ ወንዙን የሚጠቀመው የሠፈር ሰውም ተቀምጦ የሚጠይቅበት ስብሰባ ምን ያህል ጊዜ ይደረጋል? ጥናት አድራጊው መጠይቁን አስሞልቶ ከሄደ በኋላ ውጤቱን ለአፎቻው ወይም ለዕድሩ የሚነግረውስ ማነው? ይህን መጠየቅ የማኅበራቱ መብት ነው፤ በስብሰባ አጀንዳ ላይ ሊያሲዙትም ይችላሉ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ይጠራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በሐሩር አገር በሽታዎች ላይ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ያሠለጥናል። ከተማሪዎቹ መካከል ቢልሃርዝያን የሚያጠኑት አሁንም ቀንድ አውጣ ለመልቀም ወንዝ ይወርዳሉ፤ ልብስ አጣቢዎቹም እዚያው ወንዝ ዳር ናቸው።